አዛዥ የሌለው ሰው በማን ያሳብባል?

ከግቢያችን ዋና በር ወጣ ብሎ የቆመውን የመብራት እንጨት የማያውቅ ተማሪ የለም። የሚከራይ ክፍል፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የሒሳብ አስጠኚ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይለጠፋል። ከሁሉ የሚበዛው ግን «ጥናታዊ ጽሑፍ በጥራትና በፍጥነት እንሠራለን» የሚለው ወረቀት ነው። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ፤ ስም የለም። ባለፈው ዓመት ከእነዚያ ወረቀቶች አንዷ የእኛ ነበረች።

ይህንን የምንጽፈው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ቦታ አለው። ከዚያ ሥራ አንድ ጥያቄ ይዘን ስለ ወጣን ነው፤ ጥያቄውም ነገ ተመርቆ «የራሴን ሥራ እጀምራለሁ» የሚለውን ወዳጃችንን ሁሉ የሚመለከት ስለ መሰለን ነው። ሰው የራሱን ሥራ ሲጀምር፣ ከበላዩ አለቃ ሲጠፋ፣ በለውጡ የሚያገኘው ነገር ምንድን ነው? ነፃነት ነው ይሉናል። እኛም ይህንኑ ብለን ነበር የገባንበት።

እንዴት እንደ ገባንበት እናስቀድም። ሦስት የአንድ ዶርም ልጆች ነን፤ አንዳችን ከእስቴ፣ አንዳችን ከደብረ ብርሃን፣ አንዳችን ከአዲስ አበባ። ሦስታችንም ቋንቋና ታሪክና ፍልስፍና ከሚባለው ጎራ ነን፤ ማለትም ወላጅ «ሲመረቁ ምን ይሆናሉ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ከሚያጥርባቸው ወገን። ግቢ ከገባንበት ቀን ጀምሮ «ሥራ ፈጣሪ እንጂ ሥራ ፈላጊ አትሁኑ» የሚለውን ያልሰማንበት ስብሰባ የለም። (ይህንን የሚነግሩን ሰዎች ሁሉ ደመወዝተኞች መሆናቸውን መጀመሪያ ያስተዋለው የደብረ ብርሃኑ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ ሳቃችንን መያዝ አቅቶናል።)

ምክሩ ከታሪክ አንጻር ሲታይ እንግዳ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር እዚያ የገባው ጥቂት ወጣት የት እሠራለሁ ብሎ አይጨነቅም ነበር፤ መንግሥት ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ላከው እንጂ ከዚያ በኋላ ያለውን እንጀራውን አልነካበትም። በዚያው ዓመት በየካቲት «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ ስለ ገበሬው እንዲያ ሊቆረቆር የቻለው የራሱ ነገር የተረጋገጠ ስለ ነበር ጭምር ይመስለናል። ይህንን ስንል ታላላቆቻችንን ማሳነሳችን አይደለም፤ ብዙዎቹ የከፈሉትን እናውቃለን። እነሱ ግን ዛሬ ቢያዩን ንዑስ ከበርቴ ብለው እንደሚያልፉን አንጠራጠርም።

ከአብዮቱ በኋላ ምሩቁ በምደባ ሄደ። መነሻው 500 ብር እንደ ነበረና 500 ብር ምን ያህል ገንዘብ እንደ ነበረ ከአባቶቻችን ያልሰማ የለም። የግል ሥራ በዚያን ጊዜ በጥርጣሬ የሚታይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አዋጅ የአንድን ነጋዴ ካፒታል በችርቻሮ ከ200,000፣ በጅምላ ከ300,000 ብር እንዳያልፍ ገድቦታል። ዛሬ ደግሞ ሁለት ብቻ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 አልፈዋል፤ በ2000ዎቹ የዲግሪ ምሩቅ ኮብልስቶን ሲጠርብና ሲያነጥፍ አገር አየ፤ በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ታወጀ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለመውጣትም ፈተና አለ። ትናንት የሚጠረጠረው የራስ ሥራ ዛሬ ትእዛዝ ሆነ። አንዳንዴ እንዲያውም ምክር መሆኑ ቀርቶ የማሰናበቻ ደብዳቤ ይመስለናል።

እኛ ግን በጊዜው እንዲህ አላሰብንም። አሮጌ ማተሚያ ማሽንና አንድ ላፕቶፕ ነበረን፤ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጥግ ተከራይተን ትየባ፣ እርማት፣ ማመልከቻ፣ ትርጉም ጀመርን። የእስቴው ልጅ ለእናቱ ደውሎ ነገራቸው።

«የት መሥሪያ ቤት ገባህ ልጄ?» አሉት።

«የራሴን ሥራ ነው የምሠራው፣ እማ።»

«እሱስ ደግ። ማን ነው የሚከፍልህ?»

«ሥራው ነዋ።»

ጥቂት ዝም አሉና «እሺ፣ አለቃህን ሰላም በልልኝ» ብለው ዘጉት። ያን ቀን ማታ እየተሳሳቅን ሰላምታውን እርስ በርሳችን ተቀባበልነው። በኋላ ግን ነገሩ ከራሳችን አልወጣ አለ። ለእሳቸው አለቃ ማለት የሚያዝ ብቻ አይደለም፤ ልጃቸው ቢጠፋ የሚጠየቅ፣ ቢያጠፋም የሚገሥጽ ሰው ነው። አለቃ የሌለው ልጅ ማለት በእሳቸው ዓይን ነፃ የወጣ አይደለም፤ የሚያየው የሌለው ነው።

ትየባው ገንዘብ አላመጣም። አንድ ገጽ ስንተይብ የምናገኘው ከአንድ ሻይ እምብዛም አያልፍም ነበር፤ ቀለም ሲያልቅም ትርፉ ሁሉ ይሄድበታል። በሦስተኛው ወር አንድ ሰውዬ መጣ። የማታ ተማሪ ነው፤ ጤና ነክ በሆነ አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ማኔጅመንት ተምሮ የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። ጋሼ አልነው፤ እሱም ልጆች አለን። «ልጆች፣ እኔ ጊዜው የለኝም እንጂ እውቀቱ አለኝ። ዲግሪው ለእድገት ነው የሚያስፈልገኝ» አለ። ከምዕራፍ 1 እስከ ምዕራፍ 5፣ ከነመጠይቁ፣ እንድንሠራለት ፈለገ። ያቀረበው ዋጋ ትየባችን በሦስት ወር ያስገኘልንን ያህል ነበር፤ ግማሹን ወዲያው፣ ግማሹን ሲያልቅ።

አንድ ሌሊት ተከራከርን። ክርክሩን ሁሉ ብንጽፈው ይህች መጽሔት አትበቃም፤ አንባቢም በልቡ ያውቀዋል። እኛ ብንተወው ሌላው ይሠራለታል። ሰውየው ሥራውን ቀድሞም እየሠራው ነው፣ ዲግሪው ወረቀት ብቻ ነው። ወላጆቻችን ይጠብቃሉ። ደግሞስ ማን ያነበዋል? መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ሲነጋጋ ተስማማን።

ርእሱ በአንድ ወረዳ የሚኖሩ እናቶች በጤና ጣቢያ አገልግሎት ያላቸው እርካታ ነበር። ወረዳውን ማናችንም ረግጠነው አናውቅም። 120 እናቶች ይጠየቃሉ ተብሎ በምዕራፍ 3 ተጽፏል፤ ስለዚህ 120 መጠይቅ አተምንና ዶርም ቁጭ ብለን እንሞላ ጀመር። የእጅ ጽሑፉ እንዳይመሳሰል ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ እንቀያየራለን፤ አንዳንዴም በግራ እጃችን እንጽፋለን። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር። ለሴቶቹ ዕድሜ እናወጣላቸዋለን፣ ልጆች እንሰጣቸዋለን፣ ለአንዷ መንታ ሰጥተናታል።

እኩለ ሌሊት ገደማ የእስቴው ልጅ ዝም አለ። የያዘው ወረቀት ላይ እንዲህ ሞልቷል፦ ዕድሜ 46፣ የትምህርት ደረጃ ያልተማረች፣ የልጆች ብዛት 6፣ ጤና ጣቢያው የሚርቀው በእግር ከሁለት ሰዓት በላይ። «ይቺ እናቴ ናት» አለ። አስቦ አልነበረም፤ እጁ ነው የጻፈው። ከዚያ በታች ካሉት አምስት ሣጥኖች «በጭራሽ አልረካሁም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ከእኛም አንዱ፣ «ምዕራፍ 4 እኮ ተጽፎ አልቋል፤ አብዛኞቹ ረክተዋል ብለናል። ቁጥሩ ይበላሽብናል» አለ። ልጁ ጥቂት ቆየ። ስርዝ እንዳይኖርበት ብሎ አዲስ ወረቀት አወጣ፤ ዕድሜ 46፣ ያልተማረች፣ 6 ልጆች፣ ከሁለት ሰዓት በላይ። «ረክቻለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ያንን የተናገረው ከእኛ ማን እንደ ሆነ አንጽፍም። ይህ ጽሑፍ በ«እኛ» የተጻፈውም ለዚህ ነው። «እኛ» ራሱ መደበቂያ ሊሆን እንደሚችል ግን አልጠፋንም፤ ወደ ጥያቄያችንም የሚያስገባን ይኸው ነው።

በአገራችን መሥሪያ ቤት የሠራ ወይም ጉዳይ ሊያስፈጽም የተመላለሰ ሰው ሁሉ «ከላይ የመጣ ነው» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ተናጋሪው ሁልጊዜ ውሸታም አይደለም። በእርግጥ ከላይ የመጣ ነገር ይኖራል፤ አልፈጽምም ቢል ልጆቹ ጾማቸውን ሊያድሩ ይችላሉ። ይሁንና ቃሉ መጠለያ ነው። እንግዲህ ደመወዝ ማለት በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ የገባን አለቃ ካጣን በኋላ ነው፤ ከገንዘቡ ጋር ማሳበቢያም ይታደላል። ተቀጣሪው በገዛ እጁ የሠራውን ክፉ ነገር ከፍሎ ግማሹን ወደ ላይ ይልከዋል፤ ቤቱ ሲገባ የቀረችውን ግማሽ ብቻ ይዞ ይገባል። እኛ ያን ሌሊት ግማሹን የምንልክበት አጣን። ሥራ አስኪያጁ እኛ፣ ጸሐፊው እኛ፣ ተላላኪው እኛ። የእማማ ሰላምታ ለካ በትክክል ነበር የደረሰው።

አዛዥ አልነበረንም ስንል አንድ ወዳጃችን ይህንን ረቂቅ አንብቦ ተቆጣ። «ድህነት ነው ያዘዛችሁ፤ ራሳችሁን አትውቀሱ፣ ሥርዓቱን ውቀሱ» አለን። ይህ ቀላል መከራከሪያ አይደለም፤ እኛም ለራበው ሰው ሕግ ማውጣት አንሻም። የራበው ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል፤ መጠየቅ ያለበትም ያስራበው ነው። ነገር ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ ያን ሌሊት ማናችንም አልራበንም ነበር። ካፌ በልተን ነው የመጣነው፤ እራት ሽሮ ነበር፣ እሱም እንደ ሁልጊዜው ቀጭን። የጎደለን ዳቦ ሳይሆን «ሥራው እንዴት ነው?» ሲሉን «ደኅና ነው» ለማለት የሚያስችለን ነገር ነው። እሱም ይከብዳል፤ ረኀብ ግን አይደለም። በድህነት ስም ስንት ነገር እንደ ተሠራ ስናስብ ድሃው ራሱ ስሙን እንዲመልሱለት ሳይከስ መቅረቱ ይገርመናል።

ሌላው መከራከሪያ ከዚህ የጠነከረ መሰለን። በየሱቁ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ተለጥፏል። እንደዚያ ከሆነ የራስ ሥራ ያለው ሰው አዛዡን ለወጠ እንጂ ከአዛዥ አልወጣም። ይህ እውነት አለው። ልዩነቱ ቁጥር ላይ ነው። ብዙ ደንበኛ ያለው ሰው አንዱን «ይህንንስ አልሠራም» ቢለው ሥራው ይቀጥላል፤ ገቢው ሁሉ ከአንድ ሰው የሚመጣ ግን በንግድ ፈቃዱ ላይ የማንም ስም ይጻፍ፣ ተቀጣሪ ነው። እኛ በዚያን ወር አንድ ደንበኛ ነበረን ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነፃነት የምንለው ነገር ዝም ብሎ የልብ ጉዳይ አይደለም፤ ሒሳብም አለበት፤ ስንት ሰው ይከፍለኛል፣ ስንቱንስ እምቢ ብዬ ማደር እችላለሁ የሚል። ፍልስፍና ክፍል ስለ ስፒኖዛ ሲነገረን መነጽር እየሳለ ይኖር እንደ ነበረና እ.ኤ.አ. በ1673 ከሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ የቀረበለትን የመምህርነት ቦታ ለማሰብ ነፃነቱ ብሎ እንዳልተቀበለ ይነገረናል። ወዳጆቹ የሚሰጡት ድጎማ እንደ ነበረው ግን ይዘለላል። ይህ ስፒኖዛን አያሳንሰውም፤ እምቢታም ስንቅ እንደሚፈልግ ያሳያል እንጂ።

ምሳሌ ፍለጋ ሆላንድ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ቅኔውንና ዜማውን ተምሮ ቦታ ያላገኘው ደብተራ በአገራችን ከቀለሙ ሌላ ሀብት ያልነበረው የመጀመሪያው የራስ ሥራ ምሁር ይመስለናል። በአንዱ መቃ ዳዊት ይገለብጣል። ዳዊት ወራት የሚፈጅ፣ ዓይን የሚያጠፋ ሥራ ነው፤ ገዢውም ጥቂት ነው። በዚያው መቃ፣ ከዚያው ቀለም፣ ክታብም ይጽፋል፤ ክታብ ቶሎ ያልቃል፣ የሚፈልገውም ብዙ ነው። የምናውቃቸው ሽማግሌዎች እንደሚሉት ክታቡ ፈውስ አለው ብሎ የማያምን ጸሐፊም አይታጣም ነበር። እሱ ከእኛ ምን ይለያል? ማንም አላዘዘውም፤ በሩን አንኳኩቶ የመጣው የታመመ ልጅ ያላት እናት ናት። በ«ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ»ም ባለታሪኩ ከተሰደደበት ተመልሶ እንፍራንዝ ሲገባ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ ዳዊት እየጻፈ ያድራል። (መጽሐፉን ማን ጻፈው የሚለው የሊቃውንት ክርክር አልተዘጋም፤ ለእኛ ነገር ግን ልዩነት አያመጣም።) ሰውየው ስለ እውነት የሚመራመረው በኑሮው ግልባጭ ጸሐፊ ሆኖ ነው። ዳዊት የሚገለብጥ እጅ ማታ ራሱን መመርመር ይችላል። እኛ ግን 120 መጠይቅ ሞልተን ስናበቃ ያደረግነው መተኛት ነው።

እንግዲህ ሥራን የራስ የሚያሰኘው ምንድን ነው? መጀመሪያ ስም ነው አልን። ሸማኔውን አስቡት። ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህንን ስድብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ «የራስ ሥራ» በአገራችን የተሰዳቢዎች፣ «የመንግሥት ሥራ» የተከበሩት ነበር ማለት ነው። ሆኖም ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጥበብ የሚያገላብጥ ሰው ጥለቱን አይቶ «ይህ የእገሌ እጅ ነው» ሲል ሰምተናል። ሸማኔው ፊርማ አላኖረም፤ ሥራው ግን ይጠራዋል፤ ተበላሽቶ ቢገኝም እንዲሁ ይጠራዋል። የእኛ 90 ገጽ ግን በሽፋኑ ላይ የሌላ ሰው ስም፣ በውስጡ ስም የሌላቸው 120 እናቶች፣ መብራት እንጨቱ ላይ ደግሞ ስልክ ቁጥር። በሕይወታችን «የራሳችን» ብለን የጀመርነው የመጀመሪያው ሥራ የእኛ ነው ልንለው የማንችለው ሆነ።

ስም ብቻ ነው እንዳንል ግን አንድ ነገር ያዘን። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው አሰብነው። እሱም በሌላ ሰው ስም ይጽፋል፤ የእሱ ስም የትም የለም። ነገር ግን ዳኛውም፣ ከሳሹም፣ ተከሳሹም ማመልከቻውን ጸሐፊ እንደ ጻፈው ያውቃሉ፤ ሰውዬውም ጠረጴዛውን ያኖረው መንገድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ነው። የሚበላው ሰው ስለ ማያውቅ አይደለም። እኛ የተከፈለን ሰው ስለ ማያውቅ ነው፤ መምህሩ ቢያውቅ፣ መሥሪያ ቤቱ ቢያውቅ፣ እናቶቹ ቢያውቁ ሥራው አምስት ሳንቲም አያወጣም ነበር። ይህንን ከደረስንበት በኋላ የክርክራችን ምክንያቶች አንድ በአንድ ሲወድቁ አየናቸው፤ «ማን ያነበዋል?» የሚለው ግን አልወደቀም፤ ተገለበጠ። መደርደሪያ ላይ ከቀረ እሰየው። አንድ ሰው ከፍቶ ካነበበው ግን ሁለት ሰዓት በእግር የሚሄዱት ሴቶች በአገልግሎቱ እንደ ረኩ ነው የሚያነበው።

ሰውየው ቀሪውን ግማሽ አልከፈለንም። ስልኩን ዘጋው። የደብረ ብርሃኑ ልጅ «እንክሰሰው» አለ፤ ከዚያ ምን ብለን እንደምንከስ ሲያስብ ራሱ ሳቀ። ተመርቆ እንደ ሆነ፣ እድገቱንም አግኝቶ እንደ ሆነ አናውቅም።

ዛሬ ሦስታችን አንድ ሐሳብ የለንም። የአዲስ አበባው ልጅ የሚሠራውን ሰው እየመረጡ መሥራት ይቻላል ይላል፤ የማስተማር ሥራ ካልተገኘም ወደዚያው እንደሚመለስ አልደበቀንም። የደብረ ብርሃኑ ልጅ ደመወዝ ይሻለኛል፣ ቢያንስ ከላይ የሚመጣ ነገር ይኖረኛል ብሏል፤ ቀልዱ ይሁን እውነቱ አልለየንም። የእስቴው ልጅ በክረምት አገሩ ሄዶ ሲመለስ ጤና ጣቢያው እንዴት ነው ብለን ጠየቅነው። «እሷን አልጠየቅኋትም» አለን።

ማሽኑ አሁንም ትየባ ይሠራል፤ ወረቀታችንን ከመብራት እንጨቱ ላይ ራሳችን ቀደድነው፤ በማግስቱ የሌላ ሰው በቦታው ተለጥፎ አገኘን። የተረፉ መጠይቆች ነበሩን፤ የዚህ ጽሑፍ ረቂቅ የተጻፈው በእነሱ ጀርባ ላይ ነው። ከፊት ለፊት ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የልጆች ብዛት የሚሉት ቦታዎች እንደ ባዶ ናቸው።